የቀድሞና የአሁን የከተማ ስሞችን አጣምሮ የያዘ የግድግዳ ካርታ

ይህ የአፍሪካ የግድግዳ ካርታ የከተሞችን የአሁን ስም በጉልህ ጥቁር፣ የቅኝ ግዛት ዘመን ስማቸውን ደግሞ ከሥሩ በደቃቅ ቀይ ፊደል አስፍሯል። በእ.ኤ.አ. 1966 ኪንሻሳ የተባለችው ሊዮፖልድቪል የቤልጂየም ንጉሥ፣ በ1982 ሐራሬ የተባለችው ሳልዝበሪ ደግሞ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር መጠሪያ ተሸክመው እንደኖሩ የግርጌ ማስታወሻው ስለሚያስረዳ፣ ነፃ የወጡት መንግሥታት የገዢን ስም ከዋና ከተማቸው ለማንሳት ለምን እንደፈለጉ በቀላሉ ይገባል። ሎሬንሶ ማርኬስ በ1976 ማፑቶ መባሏም አልተዘለለም። ይሁን እንጂ ከኪንሻሳ በወንዝ ማዶ ያለችው ብራዛቪል የአሳሹን የደ ብራዛን ስም እስካሁን መያዟን፣ ማለትም ለውጡ በሁሉም ዘንድ ግዴታ እንዳልነበረ፣ ጨርሶ አለማንሳቱ ጉድለት ነው። የላስቲክ ሽፋኑም ስለሚያንጸባርቅ ቀዩን ጽሑፍ ለማንበብ ያስቸግራል፤ ለመማሪያ ክፍል ግን ከነጉድለቱ ቢገዛ አይከፋም።