ሺንጁኩ ላይ «ምሳ 980 የን» እያለ የሚጠራችሁን ልጅ አትከተሉ

ቶኪዮ ያላችሁም ሆነ ለስልጠናና ለትምህርት የምትመጡ ወገኖች፣ ይህን ሳታነቡ ሺንጁኩ ጣቢያ አካባቢ ምሳ እንዳትበሉ። ባለፈው እሑድ ለሁለት ሰው 1,960 የን ብዬ የገባሁበትን ምሳ 6,074 የን ከፍዬ ወጣሁ። የበላነው የተጠበሰ ዶሮ በሩዝ ነው።

ከአዲስ አበባ ለአጭር ስልጠና የመጡ የድሮ አለቃዬ አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ከተማውን ላሳያቸው ይዣቸው ወጣሁ። በጣቢያው ደቡብ መውጫ ፊት ለፊት የሚያልፈውን ሰፊ መንገድ እያሳየሁ «አበበ ቢቂላ በዚህ ነው የሮጠው፣ በፈረንጆቹ 1964» ስላቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው አስፋልቱን ሲያዩ ቆዩ። እኔም ሆዴ ባባ። ልጁ የመጣው ይሄኔ ነው።

በላስቲክ የተለበጠ ሜኑ ይዟል። እንግሊዝኛው አያሳፍርም። «ምሳ 980፣ ወረፋ የለም፣ ቅርብ ነው» ይላል፣ ልክ እንደ ታክሲ ረዳት። አምስት ዓመት እዚህ ኖሬ መንገድ ላይ የሚጠራ ሰው እንደማይከተሉት ጠፍቶኝ አይደለም። ግን ጋሼ ርቧቸዋል፤ እኔ ልወስዳቸው ያሰብኩት ቤት ደግሞ ሰልፉ ጥጉን ዞሯል። ተከተልነው። በጠባብ ሊፍት አምስተኛ ፎቅ ወጣን። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ በእሑድ ምሳ ሰዓት፣ በሺንጁኩ፣ ከእኛ ሌላ የተቀመጡት ሁለት ቱሪስቶች ብቻ ነበሩ። እዚያው መመለስ ነበረብኝ።

ሳናዝዝ በትንንሽ ሳህን ቀዝቃዛ የአኩሪ አተር እሸት ቀረበልን። ጋሼ «እንግዳ አክባሪዎች ናቸው» አሉ። አክብሮቱ በሰው 550 የን ኖሯል፤ ስሙም ኦቶሺ ነው። ውሃ ስንጠይቅ መጠጥ ማዘዝ ግዴታ ነው ተባልን፤ ሁለት ብርጭቆ ሻይ 960 የን። ለተቀመጥንበት ወንበር ደግሞ በሰው 500። ምግቡ ሲደመር 5,020 መጣ። በዚያ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት፣ ከዚያም በጠቅላላው ላይ 10 በመቶ ታክስ፤ ለካ 980 የተባለው ታክስ የሌለበት ዋጋ ነው። አስተናጋጁን ስጠይቀው አልተቆጣም፣ አልተጣላም። ሜኑውን ገልብጦ ከታች በጃፓንኛ የተጻፈች ጉንዳን የምታክል መስመር አሳየኝ። ሁሉም እዚያ አለ።

እውነቱን ልናገር፣ ብቻዬን ብሆን እከራከር ነበር። ያሰረኝ ይሉኝታ ነው። እንግዳ ጋብዤ፣ ጋሼ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ «ኧረ በፍጹም!» ብዬ ገፍቼ፣ ተመልሼ ስለ ወንበር ኪራይ ልጨቃጨቅ? እነዚህ ቤቶች የሚኖሩት በዚህ ነው። የሚመርጡት ብቻውን የሚሄደውን ሳይሆን ወዳጅ ዘመድ ይዞ የሚዞረውን ነው። ከዚያች ጥግ ጥቂት ደቂቃ የሚርቀው ካቡኪቾ ሰፈር ውስጥ በድምፅ ማጉያ ሳይቀር ደላላ አትከተሉ፣ ቦታኩሪ ነው እየተባለ ይለፈፋል። ቦታኩሪ ማለት በእኛ ቋንቋ ገፈፋ ነው። ማስጠንቀቂያው ግን ለማታ መጠጥ ቤት ብቻ ይመስለን ነበር፤ አሁን ምሳ ላይም ወርደዋል።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ኦቶሺ በራሱ ሌብነት አይደለም። ማታ ኢዛካያ፣ ማለትም መጠጥና ቁራሽ ምግብ የሚሸጥበት ቤት ከገባችሁ፣ ጥቂት መቶ የን የምታስከፍል ትንሽ ሳህን መቅረቧ የቆየ ልማድ ነው፤ ስለሷ መጨቃጨቅ እኛኑ ነው የሚያስገምተን። ምሳ ላይ ግን በተለመደው ትንሽ ቤት ኦቶሺ የለም፣ የወንበር የለም፣ ውሃው ወይም ሻዩ በነጻ ነው፣ ጉርሻም የለም። ጠረጴዛ ላይ ሳንቲም ትታችሁ ብትወጡ ረስታችሁት ነው ብለው እየሮጡ ያመጡላችኋል። ዋጋን በተመለከተም፣ በፈረንጆቹ ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ሱቅና ምግብ ቤት ታክሱን የጨመረውን ጠቅላላ ዋጋ የማሳየት ግዴታ አለበት። ከታክስ በፊት ያለውን ብቻ በትልቁ ጽፎ የሚጠራ ቤት ገና ከበሩ ምልክት ሰጥቷችኋል።

ደግሞ ውድ መሆንና ማጭበርበር አይምታቱብን። ትልቁ የጅምላ ዓሣ ገበያ በፈረንጆቹ 2018 ከትሱኪጂ ወደ ቶዮሱ ቢዛወርም፣ ትሱኪጂ የቀሩት ትንንሽ ቤቶች ለአንድ ጎድጓዳ ሳህን ጥሬ ዓሣ በሩዝ ብዙ ሺህ የን ይጠይቃሉ። ዋጋው በር ላይ ተለጥፏል፤ ካልወደዳችሁ ታልፋላችሁ። ሱሺ ቤት ስትገቡ ግን «ጂካ» ከሚሏት ቃል ተጠንቀቁ፤ የዕለቱ ዋጋ ማለት ነው፣ ቁጥር አይጻፍላትም። የምሳውን ስብስብ በተቆረጠ ዋጋ እዘዙና እዚያው ላይ ቁሙ።

በማግስቱ ለጋሼ የካሳ ዓይነት ነገር አደረግኩላቸው። ከስልጠናቸው በምሳ እረፍት አውጥቼ ሺምባሺ፣ ባቡሩ ከላይ የሚያልፍበት የቅስት ሰፈር ወሰድኳቸው። ዘጠኝ ወንበር ብቻ ያላት ቤት ናት። ከረባት ያሰሩ የቢሮ ሠራተኞች ተሰልፈዋል፣ እኛም ተሰለፍን፤ ሰልፉ ግን ይሮጣል። አንድ ሰው በልቶ ለመውጣት ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም፣ ርካሽ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ባለቤቱ ማታ በመጠጥ ያተርፋል፤ ቀን ኩሽናውን ሥራ ላለማስፈታትና ደንበኛ ለማልመድ ሁለት ሦስት ዓይነት ብቻ አብስሎ ወንበሩን ቶሎ ቶሎ ያገላብጣል። በጨው የተጠበሰ ማኬሬል ዓሣ፣ ሩዝ፣ ሚሶ ሾርባ፣ ኮምጣጣ አታክልት፦ 950 የን፣ ታክሱን ጨምሮ። ጋሼ ዓሣውን እስከ አጥንቱ ገፈው ሲጨርሱ የምታስተናግደው ሴትዮ ሩዝ ጨመረችላቸው፣ በነጻ። (ከ2024 ጀምሮ ሩዝ ስለተወደደ ይህን የተዉ ቤቶች አሉ፤ ጠይቁ።)

እንዲህ ያለችው ቤት አትጠራችሁም። የምትፈልጓት እናንተ ናችሁ። ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ምሳ ያቀርባሉ፣ ከዚያ መጋረጃዋን ያወርዳሉ። በር ላይ ቲኬት የሚቆርጥ ማሽን ካለ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፤ ከፍላችሁ ነው የምትቀመጡት፣ ኋላ የሚጨመር ነገር የለም። ሐምሌ 2024 ላይ የወጡትን አዳዲስ ኖቶች የማይቀበሉ አሮጌ ማሽኖች ስላሉ ሳንቲም ያዙ።

በየፎቁ ያለ ቤት ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፤ ምርጥ ቤቶች ምድር ቤት ተቀብረው አግኝቻለሁ። ከመቀመጣችሁ በፊት ግን «ኦቶሺ አሪማስ ካ?» በሉ፤ ኦቶሺ አለ ወይ ማለት ነው። የስልካችሁን ካሜራ በትልቁ ፎቶ ላይ ሳይሆን በታች ባለችው ጉንዳን ጽሑፍ ላይ አድርጋችሁ አስተርጉሙ። ያላዘዛችሁት ሳህን ከመጣ ሳትነኩ መልሱት፤ አንዴ ከቀመሳችሁ ክርክሩ አለቀ። የጾም ቀን ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የአትክልት የተባለው ሶባና ኡዶን (ፓስታ መሰል ምግቦች ናቸው) ሾርባው ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ የተቀቀለ ነው፣ ራመን ደግሞ በአብዛኛው የአሳማ አጥንት አለበት። ይህ ማታለል አይደለም፣ ለነሱ አትክልት ማለት ከላይ የሚታየው ስለሆነ ነው።

ከተገፈፋችሁም ዝርዝር ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ሜኑውን በሁለቱም ገጽ ፎቶ አንሱ። የሸማቾች መስመር 188 ነው፤ ጃፓንኛ የሚችል ሰው ይደውልላችሁ። እኔ ማክሰኞ ደውዬ ቤቱን አስመዝግቤያለሁ።

ትናንት ከሥራ ስወጣ በዚያው በኩል አለፍኩ። ልጁ እዚያው መሻገሪያው ጋ ቆሟል፣ ጥቁር ጃኬት፣ በአንገቱ የተንጠለጠለ ካርድ። ሜኑው ያው 980 ይላል።