ማርሽ ሲከብድ፦ ገመድ ማስተካከል ወይስ ፍሪሲዮን ማስከፈት?

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሀር ሲወርዱ የሞተር ብስክሌት ማርሽ አልቀንስ ማለቱ ያስደነግጣል። ብዙዎች ወዲያው ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀውን ክፍል) ያስከፍታሉ፤ እኔ ግን በእጅ ከሚጨበጠው ማንሻ ወደ ፍሪሲዮኑ ከሚሄደው ገመድ ጀምሩ እላለሁ።

ገመድ ማስተካከል፦ መፍቻና ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። በአብዛኞቹ ትናንሽ ሞተር ብስክሌቶች የማንሻው ጫፍ ከ10 እስከ 20 ሚሊሜትር ያህል ልል መሆን አለበት። ልልነቱ ከበዛ ፍሪሲዮኑ ተጨብጦም ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም፤ ማርሹ ይንቋቋል፣ ዜሮ ማርሽ ማግኘት ይቸግራል፣ መብራት ላይ የቆመው ሞተር ወደፊት ይገፋል። አደጋው ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው፤ የፍሪሲዮኑ ዲስክ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ከማንሻው ሥር የገመዱ ሽቦዎች መበጣጠስ ከጀመሩ ማስተካከል ትርፍ የለውም፣ ይቀየር።

ማስከፈት፦ ዘይት፣ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ በክዳኑ መጋጠሚያ የሚገባ ማሸጊያ)፣ የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። የተጣመመ የብረት ዲስክ ግን ካልተከፈተ አይታይም።

ገመዱ ተስተካክሎም ማርሹ ከከበደ፣ ማስከፈት ተገቢ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት ካልጨመረ ግን፣ በቅድሚያ የገመዱን ልልነትና የተሞላውን ዘይት ይመርምሩ፤ አንዳንድ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮን ያንሸራትታል።