ጣና ላይ ኮንትራት ወይስ የሕዝብ ጀልባ?

ባሕር ዳር የሚሄድ ጓደኛ ሁሉ ይደውልልኛል። «ወደ ገዳማቱ ኮንትራት ይሻላል ወይስ ከሰው ጋር?» መልሴ አንድ ነው። ኮንትራት፤ ግን ርካሹን አይደለም። ርካሹን እኔ ሞክሬላችኋለሁ።

2011 ዓ.ም. ነው። አምስት ነበርን። ዳጋ እስጢፋኖስና ናርጋ ሥላሴ ደርሶ መልስ ፈለግን። የመጀመሪያው ባለጀልባ 4,500 ብር አለ። ብንለምነው፣ ብንቆጣው፣ ንቅንቅ አልል አለ። አንድ ደላላ ጠጋ ብሎ «በ3,000 የሚወስድ አለ» አለኝ። ለአምስት ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 300 ብር ተረፈን ማለት ነው። እየሳቅን ገባን።

መሄጃው ሰላም ነበር። ስንመለስ፣ 9 ሰዓት ገደማ፣ ሞተሩ ሁለቴ አሳለና ጸጥ አለ። ልጁ ክዳኑን ከፈተ። ክዳኑ ላይ የታወቀ ስም ተለጥፏል፤ ውስጡ ግን ሌላ ነገር ነው። ካንዴላውን፣ ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን ዕቃ፣ ፈትቶ በሸሚዙ ሲጠርገው ማርካው አብሮ ለቀቀና ሸሚዙ ላይ ቀረ። «ኦርጅናሉ አይቀመስም ጋሼ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማዕበሉ አላጋን። ላይፍ ጃኬቱ ደግሞ ሦስት ነው፣ እኛ ከልጁ ጋር ስድስት። በመጨረሻ ጎትቶ ያወጣን ጀልባ 2,000 ጠይቆ በ1,600 ተስማማን። ደምሩት፤ 4,600። ከውዱ በ100 ብር በለጠ!

ስለዚህ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ሞተሩ እዚያው ወደቡ ላይ ይነሳ። አምስት ደቂቃ ይሥራ። መለዋወጫ ካንዴላ ይዞ እንደሆነ ጠይቁ፣ ላይፍ ጃኬት ቁጠሩ። ነዳጁ ሒሳቡ ውስጥ መሆኑንም አረጋግጡ። የገዳም መግቢያ ለብቻው ነው፣ በየገዳሙና በየሰው ይከፈላል፤ ይሄን ደላላ አይነግራችሁም። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ፣ ዳጋ ለመሄድ ብቻ ሦስት ሰዓት ግድም ይፈጃል።

የሕዝቡ ጀልባ በዋጋ አይወዳደሩትም። ከጆንያና ከዶሮ ጋር ተጠጋግቶ መሄድ ለሚወድ ጨዋታውም አለ። ግን ሰዓቱ የራሱ ነው። ዘጌ ያለው ገዳም፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብታችሁ ሥዕሉ ላይ ስትፈዙ እናንተን ብሎ አይቆምም። ዘጌ ብቻ ከሆነ ሐሳባችሁ ይበቃችኋል፤ ለነገሩ ዘጌ ደሴት ስላልሆነ በመኪናም ይገባል። ሁለት ሦስት ደሴት ለማዳረስ ግን አይሆንም። የደንገል ታንኳ? ፎቶ አንሱበት።

ብቻችሁን ከሆናችሁ ኮንትራቱ ይጎዳል። ሆቴላችሁ ውስጥ ሰው ፈልጉና አምስት ስድስት ሁኑ።

አንድ የረሳሁት። ዳጋና ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገቡም። ሴት ካለች ናርጋን ወይ ዑራን ምረጡ። ያን ቀን እህቴ አብራን ነበረች። እኛ ዳጋ ወጥተን የነገሥታቱን አፅም ስናይ እሷ ዳር ላይ ከጀልባው ልጅ ጋር ቁጭ ብላ ጠበቀችን፣ ድርሻዋን እኩል ከፍላ። እስካሁን በተገናኘን ቁጥር «ብሬን መልስ» ትለኛለች።