ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ለሚገባ፦ ክሮም ወይስ ፋየርፎክስ? ጉግል ማፕ ወይስ ኦርጋኒክ ማፕስ?

ጫጫ ላይ መኪናው ሲቆም ስልኬን አወጣሁ። ላምበረት መናኸሪያ ወርጄ ጦር ኃይሎች በምን እንደምሄድ ለማየት ነበር። አንዱን ድረ ገጽ ገና ስከፍት «በጉግል ይግቡ» የሚል መስኮት ግማሹን ሸፈነው። ስዘጋው «ይመዝገቡ» የሚል ሌላ መጣ። ኔትወርኩም እዚያው ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ አራቱንም፣ ማለትም ድረ ገጽ መክፈቻዎቹን ክሮምንና ፋየርፎክስን፣ ካርታዎቹን ጉግል ማፕንና ኦርጋኒክ ማፕስን፣ ጭኜ ሞክሬያለሁ። ሁሉም ነጻ ናቸው፤ የሚያስከፍለው ዳታው ነው።

ክሮም ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክታችሁ ሴቲንግስ፣ ሳይት ሴቲንግስ፣ ከዚያ ሰርድ ፓርቲ ሳይን ኢን የሚለውን ዝጉት። የጉግሉ መስኮት ያርፍላችኋል። ድረ ገጹ ራሱ የሠራውን «ይመዝገቡ» ግን አይነካውም። የአንድሮይዱ ክሮም ደግሞ ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ተቀጥላ ፕሮግራም) አይቀበልም።

ፋየርፎክስ ይቀበላል። ማስታወቂያ የሚያግደውን ኤክስቴንሽን፣ ዩብሎክ ኦሪጅንን፣ ጫኑበት፤ ማጣሪያዎቹ ውስጥ አኖያንስስ የሚለውን ክፍል አብሩ፤ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ የምትፈልጉትን ቁልፍም አብሮ ይደብቃል፤ ያኔ ለዚያ ገጽ ብቻ አጥፉት። ማስታወቂያውም ስለሚቀር ዳታ ይተርፋል። እኔ ፋየርፎክስ ይዣለሁ። የእናቴን ስልክ ግን ክሮሙን አስተካክዬ ተውኩት። አዲስ ነገር ካየች ትደውልልኛለቻ!

ወደ ካርታው። ኔትወርክ ካለ ጉግል ማፕን የሚያክል የለም፤ መጨናነቁን ያሳያል፣ የሱቅ ስም ብትጽፉ ያገኛል። ካርታውን ቀድሞ ማውረድም ይቻላል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን የመኪና መንገድ ብቻ ነው የሚነግራችሁ፤ የእግርም የሕዝብ ትራንስፖርትም የለም። ሻንጣ ይዞ ላምበረት ለቆመ ሰው ይሄ ምን ይሠራለታል?

ኦርጋኒክ ማፕስ ኢሜይል አይጠይቅም፣ ማስታወቂያም የለውም። ዋይፋይ ላይ ካርታውን አውርዳችሁ ከተነሳችሁ፣ ሰንዳፋ ላይ ኔትወርክ ቢሄድም የእግር መንገዱን ያወጣል። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር በመገናኛ ስለሚያልፍ፣ እኔ ከላምበረት እስከ መገናኛው ጣቢያ ድረስ የኦርጋኒክን የእግር መንገድ ነው የምከተለው። ኦርጋኒክ የአውቶቡስ ጉዞ ግን አያቅድም፣ መጨናነቅም አያውቅም፤ ሱቅ ፍለጋ ላይም ይደክማል። ስለዚህ ከቤት ሳልወጣ ቦታውን በጉግል ፈልጌ ኦርጋኒክ ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

የሚኒባስ ታክሲን ነገር ከሁለቱም አትጠብቁ። መገናኛ ላይ የትኛው ሰልፍ የት እንደሚሄድ የሚያውቀው ተራ አስከባሪው ነው። መሽቶ ዳታ ካለቀባችሁ ደግሞ 8294 ደውላችሁ የራይድ ታክሲ ጥሩ፤ አፕ አያስፈልገውም።