ኤምኤስአር ዊንድፕሮ 2፦ ለስድስት ሰው የተራራ ጉዞ የሚሆን የጋዝ ምድጃ

ለሁለት ሰው ከሆነ የጋዝ ጣሳው አናት ላይ የምትጠመዘዘው ትንሿ ምድጃ ትበቃለች። የዚሁ የኤምኤስአር ኩባንያ ምድጃ የሆነችው ፖኬትሮኬት 2 ክብደቷ 73 ግራም ነው፤ ዊንድፕሮ 2 ደግሞ 187 ግራም ይመዝናል። ልዩነቱን አይቶ ትንሿን የሚመርጥ ቡድን ችግሩ የሚገባው ባለ ሦስት ሊትር ድስት ሲጥድ ነው። ጣሳ፣ ምድጃና ድስት አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ይቆማሉ። መሬቱ ትንሽ ካዘመመ ወይም በጨለማ የሚያልፍ ሰው ገፋ ካደረገው፣ የፈላው ውሃ አጠገቡ በተቀመጠው ሰው እግር ላይ ይደፋል። ዊንድፕሮ ጣሳውን በቱቦ ወደ ጎን ያወጣዋል፤ ስለዚህ ድስቱ ዝቅ ብሎ፣ ሰፋ ባሉ እግሮች ላይ ያርፋል። ለቡድን የምንመክረው ከሁሉ በፊት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ጥቅሙ ንፋስ ላይ ነው። ካርቶኑ ውስጥ በእሳቱ ዙሪያ የሚቆም የንፋስ መከላከያና ከሥር የሚነጠፍ ሙቀት መላሽ ቆርቆሮ አብረው ይመጣሉ። አናት ላይ በሚጠመዘዝ ምድጃ ግን መከላከያ ዙሪያውን መግጠም አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ ጣሳው ላይ ተመልሶ የውስጡን ግፊት ስለሚጨምር ጣሳው ሊፈነዳ ይችላል። በዊንድፕሮም ቢሆን ጣሳው ከመከላከያው ውጭ ይሁን። በየመሃሉ በእጅ ይነካ፤ መሞቅ ከጀመረ ይራቅ።

ትልቁ ፈተና ብርድ ነው። ጣሳ ውስጥ ያለው ጋዝ ፈሳሽ ነው፤ የሚነደው ሲተን ነው። ጣሳ ውስጥ ከሚሞሉት ጋዞች ቡቴን ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪ ላይ መትነን ያቆማል፤ አይሶቡቴን እስከ 12፣ ፕሮፔን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል። በተጨማሪም ፈሳሹ ሲተን ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ጣሳው ከአካባቢው አየር ይበልጥ ይበርዳል። ጋዞቹ ተቀላቅለው ሲሞሉ ፕሮፔኑ ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ ማታ ደህና ሲነድ ያመሸ ግማሽ ጣሳ ጠዋት ላይ ነበልባሉ ይሞታል። ብዙ ሰው ጋዙ ያለቀ መስሎት ጣሳውን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ሲገዙ ቡቴን ብቻ የተሞላውን ትተው አይሶቡቴንና ፕሮፔን የተቀላቀለበትን ይያዙ።

ዊንድፕሮ ጣሳውን ገልብጦ ማንደድ ያስችላል፤ ለዚህም የጣሳ ማቆሚያ አለው። ሲገለበጥ የሚመጣው ጋዝ ሳይሆን ፈሳሹ ነው፤ በነበልባሉ አጠገብ የሚያልፈው የብረት ቱቦ ደግሞ አሙቆ ያተነዋል። አካሄዱ ይኼ ነው፦ ጣሳው ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይለኮስ፤ ቱቦው እስኪሞቅ አንድ ደቂቃ ያህል ይታገሡ፤ መክፈቻውን ዝቅ አድርገው ጣሳውን ቀስ ብለው ይገልብጡ። ተቻኩሎ የገለበጠ ሰው ቢጫ ነበልባል ወደ ላይ ሲዘል ያያል፤ ቱቦው ስላልሞቀ ፈሳሹ ሳይተን እሳቱ ላይ ስለደረሰ ነው። ለማጥፋት ደግሞ አስቀድመው ጣሳውን ያቅኑ፣ ቱቦው ውስጥ የቀረው ነድዶ ይለቅ፣ ከዚያ ይዝጉ። ይህ የማሞቂያ ቱቦ የሌለውን ምድጃ ግን በምንም ሁኔታ አይገልብጡ።

ጉድለቱም አለ። ጣሳው ሲገለበጥ መክፈቻውን ብናዞርም እሳቱ የሚታዘዘው ሰከንዶች ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ በቀስታ የሚበስል ነገር ያርራል። ፈጥኖ ማማሰል ወይም ጣሳውን አቅንቶ ማብሰል ያዋጣል። ታጥፎም ቢሆን ቦታ ይይዛል፤ ከጣሳው ጋር ትንሽ ድስት ውስጥ አይገባም።

የጋዙን ልክ በግምት አይተዉት። በተከለለ እሳት አንድ ሊትር ለማፍላት 12 ግራም ብንይዝ፣ ስድስት ሰው በቀን ለእያንዳንዱ አንድ ሊትር ተኩል ቢፈላለት 9 ሊትር ነው፤ 108 ግራም ይፈጃል። ለሁለት ቀን 216 ግራም ይሆናል። ባለ 230 ግራም ጣሳ በወረቀት ላይ ይበቃል፤ ተራራ ላይ ግን ንፋስና የተረሳ ክዳን ይበሉታል። ባለ 450 ግራሙን ወይም ሁለት ባለ 230 መያዝ ይሻላል፤ ሁለቱ ለሁለት ሰው ስለሚከፋፈሉ የኋለኛውን እንመርጣለን። ከመነሻ በፊት እያንዳንዱን ጣሳ መዝኖ ክብደቱን በማርከር መጻፍ የቀረውን ለማወቅ ከመነቅነቅ የተሻለ ነው።

ከፍታም ይቆጠር። 4000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መኮሮኒና ሩዝ ቤት ከለመዱት በላይ ጊዜ ይወስዳሉ። ቀድሞ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ ጋዝ ይቆጥባል። ድስቱ አግድሙ ሰፊ ይሁን፣ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላ።

ጣሳውን ሲያስሩ ጥርሱ ሳይዛነፍ በእጅ ብቻ ያጥብቁ፤ በጉጠት ሲጠብቅ የጎማ ቀለበቱ ይቆረጣል። ሹክሹክታ ከተሰማ ወይም ከሸተተ ፈትተው ቀለበቱን ይዩ፤ አፈር ወይም ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ትርፍ ቀለበት ከሣንቲም የማይበልጥ ቦታ ነው የሚይዘው። ዝናብ ሆነ ብርድ፣ ድንኳን ውስጥ አይለኮስ፤ ከእሳቱ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይሸትም፣ የተኛ ሰውም አይነቃበትም። በአውሮፕላን ለሚሄዱ፣ የጋዝ ጣሳ በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም፤ የሚገዛው ከደረሱ በኋላ ነው።

ምድጃው የራሱ መለኮሻ የለውም። ሁለት ላይተር ይዘው አንዱን የውስጥ ኪስ ውስጥ ያሳድሩት፤ ላይተሩም ቡቴን ስለሆነ ሲበርድ እንቢ ይላል።