«የዕድሜ ልክ ላይሰንስ» የሚሉትን የዲዛይን ሶፍትዌር እንዳትገዙ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ዲዛይን የምትሠሩ ሰዎች፣ በተለይ እንደኔ ለማተሚያ ቤትም ለድረ ገጽም የምትሠሩ፣ እባካችሁ አንብቡት። እነዚህ ሰዎች የሚወስዱት ገንዘባችሁን ብቻ አይደለም። የሠራችሁትንም ይዘውት ይቀራሉ።

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥበት ሕንጻ ላይ ናቸው። መስታወቱ ላይ የፎቶሾፕ፣ የኢለስትሬተርና የኢንዲዛይን ምልክት ተለጥፏል፤ የፎቶ ማስተካከያው፣ የዓርማ መሥሪያውና የገጽ ማቀናበሪያው ማለት ነው። ከሥሩ «ኦሪጂናል፣ የዕድሜ ልክ» ይላል። ልጁ ላፕቶፓችሁን ይቀበላል፣ ኢሜይላችሁን ይጠይቃል፣ ቁጭ ብላችሁ ሳትደላደሉ ጭኖ ይሰጣችኋል። «ክራክ (ቁልፉ የተሰበረ ስሪት) አይደለም፣ በራስሽ ኢሜይል ነው የሚገባው፣ አፕዴትም ያደርጋል» ይላል። እውነትም ያደርጋል። ሰው የሚያምነውም ለዚህ ነው።

ሶፍትዌሮቹን ከሚሠራው ኩባንያ፣ ከአዶቤ፣ በቀጥታ ለምን እንደማንገዛ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በዶላር የሚከፍል ካርድ እንደ ልብ አይገኝም። ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚከፈል ነገር ሁሉ ሰማይ ነክቷል። በዚህ መሃል አንድ ሱቅ በብር፣ አንዴ ከፍለሽ ጨርሺ ሲል ይገዛል። 7,500 ብር ከፈልኩ።

ለወራት ሠራ። ከዚያ የአንድ እድር 50ኛ ዓመት መጽሔት ላይ እያለሁ ተዘጋ።

መጽሔቱ 64 ገጽ ነው። ከሱ ጋር ለቴሌግራምና ለፌስቡክ የሚለጠፉ ምስሎችም አሉ። የእድሩ ሊቀመንበር የድሮ ፎቶዎች በፖስታ ጠቅልለው አምጥተውልኝ ነበር። ድንኳን ሲተከል፣ ድስት ሲጣድ፣ የመጀመሪያዎቹ አባላት በጋቢ ተሰልፈው የተነሷቸው። ብዙዎቹ ውሃ የነካቸው፣ ጠርዛቸው የተቀደደ ነው። ስካን አድርጌ ጭረታቸውን አንድ በአንድ ያጸዳሁት ማታ ማታ ነው። አንዲት ፎቶ ላይ የአንዲት የእድሩ እናት ፊት ግማሹ በእርጥበት ተልጦ ነበር። ከሌላ ፎቷ እያየሁ ነው የመለስኩት።

ጠዋት ላፕቶፑን ስከፍት ለዚህ መተግበሪያ ፈቃድ የለዎትም የሚል መልእክት መጣ። ወጥቼ ገባሁ፣ ያው ነው። የገጾቹ ፋይል ኮምፒውተሬ ላይ አለ፣ ግን የሚከፍተው የለም። ያጸዳኋቸው ፎቶዎችና ሽፋኑ ደግሞ የተቀመጡት ክላውድ ላይ፣ ማለትም በአካውንቱ በኩል ኢንተርኔት ላይ ነው። ክላውዱ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ።

ስልክ አያነሱም። ሄድኩ።

ልጁ ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጧል። «ምን ልርዳሽ እህቴ?» አለኝ፣ ከስክሪኑ ቀና ሳይል። ነገርኩት። ኢሜይሌን ጠየቀኝና ጻፈ። ስክሪኑ በግማሽ ወደኔ ዞሮ ስለነበር አያለሁ። ገጹ ላይ ረጅም የኢሜይል ዝርዝር ነው ያለው። ከላይ በኩል የአንድ ውጭ አገር ያለ ተቋም ስም ተጽፏል። ሰምቼውም አላውቅም።

«የለሽም» አለኝ።

«እንዴት የለሁም? ከፍዬበታለሁ እኮ!»

«ቦታ ሲሞላ ሲስተሙ ራሱ ያወጣል።»

ይህን ብሎ አፉን ሳይዘጋ አንድ ወጣት ላፕቶፕ ታቅፎ ገባ። እሱም ለዚያው ነው የመጣው። ልጁ እኔን እዚያው አቁሞ ወደሱ ዞረ። ከዚያ ዝርዝሩን ወደ ታች አወረደ። አንድ ኢሜይል ላይ ምልክት አደረገ። አጠፋው። «ኢሜይልህን ንገረኝ ብሮ» አለና የወጣቱን ጻፈ።

ያ ብቻ ነው ሲስተሙ። ልጁ ነው ሲስተሙ። ያጠፋው ኢሜይል ውስጥ «ፕሪንት» የሚል ቃል አይቻለሁ። እንደኔ የህትመት ሥራ የሚሠራ ሰው ነው ማለት ነው። ምናልባት በዚያች ደቂቃ ሥራ ከፍቶ ተቀምጦ ነበር። እኔንም እንዲሁ ነው ያወጣኝ። አንድ ደንበኛ መጥቶ ብር ሲያወጣ፣ በአንድ ጠቅታ።

«ያንን ሰው አሁን አወጣኸው አይደል?» አልኩት።

«የኔ እህት፣ ሥራ አታስፈቺኝ።»

ደረሰኙን አወጣሁ። ቀና ብሎ ያየኝ ያን ጊዜ ነው። ተቀብሎ በጣቱ አሳየኝ። «አንብቢው እስቲ። ምን ይላል? ሶፍትዌር ኢንስታሌሽን ይላል። ጫንንልሽ፣ ሠራልሽ፣ በቃ።» እውነትም የዕድሜ ልክ የሚል ነገር የለበትም። ላይሰንስ የሚልም የለበትም። መስታወቱ ላይ በትልቁ የለጠፉትን ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል አልጻፉትም። አስበውበት ነው።

«ፋይሎቼስ?»

«እሱን አላውቅም። ሰው ባክአፕ አያደርግም እንዴ? ከፈለግሽ ግማሹን ክፈዪና መልሼ ላስገባሽ። ፋይሉ ግን ይመጣል ብዬ ቃል አልገባም።»

አጠገቡ ያለው ጓደኛው «ኦሪጂናል የፈለገ አሜሪካ ሄዶ ይግዛ» አለና ሁለቱም ሳቁ። ፊቴ ላይ ነው የሳቁት።

ወጣቱን «ወንድሜ፣ እንዳትከፍል፣ ነገ አንተንም ያወጣሃል» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። ልጁ «ተዋት፣ ተናዳ ነው» አለው። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ በቴሌብር ከፈለ።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። አዶቤ ፎቶሾፕን፣ ኢለስትሬተርንና ኢንዲዛይንን የዕድሜ ልክ አድርጎ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። በዚያ መልክ ያወጣው የመጨረሻው ሲኤስ6 ነው፣ በ2012 እ.ኤ.አ.። ከ2013 ወዲህ ያለው ሁሉ ኪራይ ነው። ስለዚህ የአዲሱን ስሪት «የዕድሜ ልክ» የሚሸጥላችሁ ሰው የሌለ ነገር ነው የሚሸጠው። የሚሰጣችሁ የአንድ ድርጅት ወይም ትምህርት ቤት አካውንት ውስጥ ያለ ወንበር፣ ማለትም የአንድ ተጠቃሚ ቦታ ነው። አካውንቱን ከየት እንዳመጣው እሱ ያውቃል። የአካውንቱ አስተዳዳሪ እሱ ነው፣ እናንተ ተጠቃሚ ናችሁ። ሲፈልግ ያስገባል፣ ሲፈልግ ያስወጣል። እውነተኛው ባለቤት የነቃ ቀን ደግሞ ሁላችሁም አንድ ላይ ትወጣላችሁ። በድርጅት አካውንት ክላውድ ላይ የሚቀመጥ ፋይል የሚቆጠረው ለድርጅቱ ነው። ስትወጡ ፋይሉ ከእናንተ ጋር አይወጣም። የእድሩ እናት ፊት አሁን ያለው እነዚያ የሳቁብኝ ልጆች እጅ ነው። ይህን ሳስብ ነው ደሜ የሚፈላው።

ቴሌግራም ላይ በጥቂት ብር የሚሸጠው «ካንቫ ፕሮ የዕድሜ ልክ» የሚሉትም ያው ነው። ካንቫ ኢንተርኔት ላይ የሚሠራ የዲዛይን መሣሪያ ነው። የሰው ቲም ውስጥ ነው የሚያስገቧችሁ። ከቲሙ ያወጧችሁ ቀን እዚያ የሠራችሁት እዚያው ይቀራል።

መጽሔቱ ምን ሆነ? የኢንዲዛይን ፋይሉ ስላልተከፈተልኝ ለማየት ያወጣሁትን ፒዲኤፍ ይዤ፣ ኢንተርኔት ላይ በሚሠራ ነጻ መሣሪያ ገጾቹን እንደገና ገጣጠምኩ። ሌሊቱን ሙሉ። ስክሪን ላይ ያምራል። ማተሚያ ቤት ላኩት። ሰውየው ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ጥቁሩ በአራቱም ቀለም ነው የመጣው። በዚህ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ላወጣልሽ አልችልም» አሉኝ። ልክ ናቸው። መሣሪያው የሚያወጣው በአርጂቢ ነው፣ ለስክሪን በሚሆነው የብርሃን ቀለም። ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም ማተሚያው ወደሚጠቀምባቸው አራት ቀለሞች ሲቀየር ጥቁሩ ጽሑፍ ከሰማያዊው፣ ከሮዙ፣ ከቢጫውና ከጥቁሩ ተደባልቆ ይመጣል። ወረቀቱ ማሽኑ ላይ በፀጉር ያህል ቢንሸራተት ፊደሉ ጥላ ያወጣል። የኛ ፊደል ደግሞ ቀጭን እግርና ቀለበት ይበዛዋል። በ9 ነጥብ ሲታተም «ሉ» እና «ሊ» መለየት ያቅታል። የእድሩ ዓርማ ሰማያዊም ወይን ጠጅ ሆኖ ነበር የሚወጣው። ሰውየው ባያዩት ኖሮ 500 ኮፒ ይበላሽ ነበር። የማተሚያ ተራዬ ለሌላ ሰው ተሰጠ። በዓሉ ያለ መጽሔት አለፈ። ሊቀመንበሩ አልተቆጡኝም። «አይዞሽ ልጄ» ነው ያሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይናገራል። ደረሰኙንና የማስታወቂያውን ፎቶ ይዤ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። ደረሰኝ ላይ «ኢንስታሌሽን» ተብሎ የተጻፈላችሁ ሰዎች እናንተም ሂዱ።

አሁን ምን እንጠቀም ለምትሉ ባጭሩ። አፊኒቲ የሚባለውን የዲዛይን ፕሮግራም እዩት። ካንቫ በ2024 እ.ኤ.አ. ገዝቶት በ2025 መጨረሻ አካባቢ ነጻ አድርጎታል። ለመግቢያ ነጻ የካንቫ አካውንት ይጠይቃል። የሚያስከፍለው ለኤአይ መሣሪያዎቹ ነው፣ እነሱ ደግሞ ለህትመት ሥራ ግድ አይደሉም። ፎቶ ማስተካከያው፣ ዓርማ መሥሪያውና የገጽ አቀማመጡ አንድ ላይ ናቸው። ሲኤምዋይኬ አለው፣ ብሊድ (ከገጹ ጠርዝ ውጭ የሚተርፍ ቀለም) ያስገባል፣ ለድረ ገጽም ያወጣል። ፋይሉም ኮምፒውተራችሁ ላይ ይቀመጣል። ለመጽሐፍና ለመጽሔት ብቻ ከሆነ ስክራይበስ ለህትመት የሚሆን ፒዲኤፍ ያወጣል፣ ድሮም ነጻ ነው። ኢንክስኬፕ ለዓርማና ለድረ ገጽ ጎበዝ ነው፣ ግን በአርጂቢ ስለሚሠራ በቀጥታ ከሱ ወደ ማተሚያ ቤት አትላኩ። በፓወር ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ፣ የተጻፈ የቆየ ጽሑፍ ካላችሁ መጀመሪያ የትም ወደሚነበበው የፊደል ኮድ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ቀይሩት፣ አለዚያ ድረ ገጽ ላይ ስትለጥፉት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ከእነዚህ ሱቆች የገዛችሁ ደግሞ አሁኑኑ ይህን አድርጉ። አካውንታችሁን ክፈቱና ከስማችሁ ጋር የየትኛው ድርጅት ስም እንደሚታይ እዩ። የማታውቁት ከሆነ ቦታችሁ የእናንተ አይደለም። ክላውድ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተራችሁ አውርዱ። የኢንዲዛይን ሥራዎቻችሁን እየከፈታችሁ አይዲኤምኤል በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡ፣ አፊኒቲም ስክራይበስም ያንን ይከፍታሉ። የሽፋንና የዓርማ ሥራችሁን በፒዲኤፍ፣ ፎቶዎቻችሁን በቲፍ አውጡ። ነገ አትበሉ፣ የልጁ ሱቅ ዛሬ ከሰዓትም ክፍት ነው።