ፓይተን 3ን ለአክስቴ ሱቅ ሞክሬው፣ ከ5 ኮከብ 4 ተኩል

አክስቴ እዚህ ጎንደር አራዳ ሸቀጣሸቀጥ ሱቅ አላት፣ መጀመሪያ የሽያጭ መመዝገቢያ የሠራሁላት በጃቫስክሪፕት ነበር፣ እሱም እንደ ፓይተን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። ዕቃዎቹ ተሰልፈው እንዲያምሩ ብዬ ከፊት ዜሮ እየጨመርኩ ከ001 እስከ 012 ቁጥር ሰጠኋቸው፣ 008 ስኳር፣ 009 ሩዝ፣ 010 ሳሙና፣ 011 ሻማ፣ 012 ክብሪት። እናንተየ 12 ዕቃ አስገብቼ 10 ነው የሚለኝ! 8 ስትጫን ሳሙና ይመጣል፣ 10 ስትል ክብሪት፣ ስኳርና ሩዝ ጭራሽ የሉም። "አንተ ልጅ ስኳሬን የት አደረስከው?" አለችኝ፣ ሁለት ሌሊት ኮዱን መስመር በመስመር ሳይ አነጋሁ።

ለካ ዜሮዋ ናት። ጃቫስክሪፕት በዜሮ የጀመረ ቁጥር ውስጥ 8 ወይም 9 ከሌለ በስምንት በስምንት ነው የሚቆጥረው፣ ኦክታል የሚሉት፣ ስለዚህ 010 ማለት 8 ነው። 008 ላይ ግን 8 ስላለች ኦክታል መሆን አይችልም፣ እሱንም ዝም ብሎ ተራ 8 ያደርገዋል፣ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ገቡና ኋላ የመጣው ሳሙና ስኳሩን ደመሰሰው። አንድም ኤረር፣ ማለትም የስህተት መልእክት የለም! በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው። ልማዱ ሲ (C) ከሚባለው የድሮ ፕሮግራም ቋንቋ ዘመን የመጣ ነው፣ ጃቫ የሚባለው ሌላ ቋንቋም 010ን 8 ይለዋል፣ እሱ ግን ቢያንስ 008 ሲያይ ኮምፓይል አላደርግም፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም አልቀይርም ይላል።

ያንኑ ዝርዝር ፓይተን 3 ላይ ገለበጥኩት፣ ገና 001 ላይ ሲንታክስ ኤረር (የአጻጻፍ ስህተት) ብሎ ቆመ፣ ከፊት ዜሮ አይፈቀድም፣ ኦክታል ከፈለግክ ከዜሮዋ ቀጥሎ ኦ (o) የምትለዋን ፊደል ጨምር አለኝ። ደስ አለኝ በእውነት። ፓይተን 2ም 010ን 8 ይል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ፓይተን 3 ሲወጣ ነው የተስተካከለው። ግማሽ ኮከብ የቀነስኩት የመጀመሪያውን ስህተት ብቻ ስለሚያሳይ ነው፣ አንዱን ሳስተካክል ሌላው እየመጣ አደከመኝ። ነፃ ነው፣ አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔትም አይፈልግም።

ጃቫስክሪፕትን የማትለቁ ከኮዱ አናት ላይ "use strict" (ዩዝ ስትሪክት) የሚለውን ከነጥቅሱ ጻፉ፣ እሱም ያኔ ኤረር ይሰጣል። ደግሞ ስልክ ቁጥርን በፍጹም እንደ ቁጥር እንዳታስገቡ፣ በ09ም በ07ም ቢጀምር በጥቅስ ውስጥ እንደ ጽሑፍ አድርጉት። የዕቃውንም ኮድ እንደዛው አደረግኩት፣ አሁን አክስቴ 008 ስትል ስኳሯ ይመጣል።